አስኳል የሚሠራ ጉበት፦ ሆርሞንና ስብ በዶሮ ገላ

ትናንት እንቁላሏን የጣለች፣ መኖዋንም ያልተወች ዶሮ ጠዋት ቤቱ ሲከፈት ሞታ ትገኛለች። ሥጋዋ አልከሳም፤ እንዲያውም ከጓደኞቿ ወፈር ያለች ናት። ሆዷ ሲከፈት የረጋ ደም ይወጣል። ጉበቷ ጥቁር ቀይነቱን ትቶ ቢጫ ሆኗል፣ በጣት ሲነካ ይፈርሳል፣ ሽፋኑም ተሰንጥቋል። ካውች የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1956 በአሜሪካ ቴክሳስ ስለ እንቁላል ጣዮች የሰባ ጉበት ጻፈ፤ በ1972 ደግሞ ወልፎርድና ፖሊን ደም መፍሰሱን በስሙ ውስጥ አስገብተው ሕመሙን የሰባና የደማ ጉበት ሕመም አሉት። በዚህ በሽታ በተያዘ ጉበት ውስጥ ያለው ስብ ከደረቅ ክብደቱ 40 በመቶውን አልፎ እስከ 70 በመቶ ሊደርስ ይችላል።

ብዙ በላች፣ ሰባች፣ ሞተች ብሎ ነገሩን መዝጋት ቀላል ነው። ነገር ግን ያንኑ መኖ የሚበሉ አውራ ዶሮዎች በዚህ ሕመም እምብዛም አይሞቱም። መጣል ያልጀመሩ ቄቦችም እንዲሁ። ሕመሙ የሚመርጠው በደንብ እየጣለች ያለችውን ነው። በጉዳዩ ላይ ከስድሳ ዓመት በላይ የተጻፈውን ስመለከት ጎልቶ የሚታየኝ ይህ ነው፤ የእናት ዶሮ ጉበት ከሁሉ በፊት የሚታዘዘው ለእንቁላሉ ነው። ኢንሱሊኑም፣ ግሉካጎኑም፣ የታይሮይድ ሆርሞኑም በዚህ ትእዛዝ ዙሪያ ካልታዩ አይገቡም። ምርምሩ መንገድ የሳተባቸውን ጊዜዎች ስናይ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ዶሮን እንደ ትንሽ አይጥ መቁጠር ነበር።

ልዩነቱ ከመሠረቱ ይጀምራል። አሳማና በሬ ከሚበሉት ስኳርና ስታርች አዲስ ስብ የሚሠሩት በዋናነት በራሱ በስቡ ሕዋስ ውስጥ ነው። ዶሮ ግን እንዲህ አይደለችም። በ1960ዎቹ መጨረሻ ኦሄና ሌቬይ የተባሉ ተመራማሪዎች ምልክት የተደረገባቸውን ንጥረ ነገሮች ተከትለው እንዳሳዩት፣ በዶሮ ገላ አዲስ ስብ የሚሠራው ጉበት ነው፤ ድርሻው ከ90 በመቶ በላይ እንደሆነ በብዙዎች ተቀባይነት አለው። በሆዷ የምናየው ጮማ ጎተራ እንጂ ፋብሪካ አይደለም። በዚህ ላይ ከመኖው በቀጥታ የሚመጣው ስብም መንገዱ ሌላ ነው። በሰው ውስጥ ከአንጀት የሚነሳው ስብ መጀመሪያ በሊምፍ ቧንቧ ዞሮ ነው ወደ ደም የሚገባው። ወፎች ግን ይህ የሊምፍ መንገድ በቅጡ የዳበረላቸው ስላልሆነ፣ የበሉት ስብ ከአንጀት በደም ሥር ተጭኖ ቀጥታ ወደ ጉበት ይሄዳል። ስለዚህ የሚሠራውም የሚበላውም ስብ አንድ በር ላይ ይገናኛል። ከጉበት መውጫው ደግሞ ዋናው አንድ ነው፤ ስቡ ከፕሮቲን ጋር በጥቃቅን ጥቅል ታስሮ ወደ ደም መላክ አለበት። የሚሠራው ከሚላከው ከበለጠ ጉበቱ ይሰባል። ከዚህ በታች የምንጠራቸው ሆርሞኖች ሁሉ የሚያደርጉት ከሁለቱ አንዱን መጨመር ወይም መቀነስ ነው።

ከቆሽት እንጀምር። የዶሮ ደም ስኳር በዴሲሊትር ከ200 እስከ 250 ሚሊግራም ነው። ሳይበላ 126 የተገኘበት ሰው የስኳር ሕመምተኛ ይባላል፤ ለዶሮ ግን እጥፉ ጤንነት ነው። ኢንሱሊን በዶሮ ላይ ያለው ጉልበት ደካማ ነው፤ በሰው ጡንቻና ስብ ውስጥ በኢንሱሊን ትእዛዝ ስኳር የሚያስገባው ፕሮቲን በዶሮ የዘር መዝገብ ውስጥ አልተገኘም። በ1950ዎቹ በፈረንሳይ ስትራስቡርግ ፒየር ሚያል የዳክዬ ቆሽት አውጥቶ ሲያይ ስኳሩ በመውጣት ፈንታ ወረደ። ውሻ ላይ ተመሳሳይ ሥራ ሲሠራ የሚመጣው ከባድ የስኳር ሕመም ነው። በወፍ ዘንድ የበላይነቱ ከቆሽት የሚወጣው የሌላው ሆርሞን፣ የግሉካጎን፣ መሆኑ ከዚያ ጀምሮ ግልጽ እየሆነ ሄደ። ዶሮ ስትራብ የጎተራውን ስብ የሚፈታው፣ የጉበቱንም የስብ ፋብሪካ የሚያቆመው ግሉካጎን ነው።

እዚህ ላይ የተመራማሪው የአለን ጉድሪጅ ሥራ ሊታለፍ አይገባም። ከጫጩት ሽል የተወሰዱ የጉበት ሕዋሶችን በሳህን ላይ አቆይቶ ኢንሱሊንና የታይሮይድ ሆርሞን ሲጨምርባቸው ስብ የሚሠሩት ኤንዛይሞች በብዙ እጥፍ ጨመሩ፤ ግሉካጎን ሲጨምርባቸው ተቆረጡ። ሥራው ጥንቁቅ ነበር፤ ለብዙ ዓመታትም የመስኩ መመዘኛ ሆኖ ቆይቷል። ሆኖም የታይሮይድ ሆርሞን ነገር በሳህንና በሕያው ዶሮ አንድ አይደለም። በሳህን ላይ ስብ አስሠሪ ነው። በሕያው ዶሮ ላይ ግን ታይሮይዷ ሲዳከም ትወፍራለች፤ ሆርሞኑ በመኖ ሲሰጣት ማቃጠሉ ከመሥራቱ በልጦ ስቧ ይቀንሳል። ሁለቱም እውነት ናቸው። ከሳህን የተገኘውን ውጤት ወደ ዶሮ ቤት አምጥቶ ምክር የሚሰጥ ሰው ግን ይሳሳታል።

የእድገት ሆርሞንን ነገር በአጭሩ ልለፈው። ተቀባዩ በዘር የተበላሸባቸው ድንክ ዶሮዎች አሉ፤ ሆርሞኑ በደማቸው ሞልቶ ጉበታቸው ግን አይሰማውም። ከመደበኞቹ ይልቅ ስብ ይበዛባቸዋል። ሆርሞኑ የጉበትን ስብ ሥራ እንደሚገታ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ቄብ ዶሮ የመጀመሪያ እንቁላሏን ልትጥል ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀራት የእንቁላል ዕጢዋ ኢስትሮጅን በብዛት ማመንጨት ይጀምራል። ባለቤቷ የሚያየው በአናቷ ላይ ያለው ሥጋ ሲቀላ ነው፤ የማይታየው ለውጥ ግን የሚበልጠው ነው። ጉበቷ በክብደት ያድጋል፣ በደሟ ያለው ስብ በአሥር እጥፍና ከዚያ በላይ ይጨምራል፣ ደሟ ተቀድቶ ሲቀመጥ ላዩ ወተት ይመስላል። በሰው ቢሆን አስቸኳይ ሕክምና የሚያሻው ይህ መጠን ለእሷ የሥራ ጊዜዋ መጀመሩን ብቻ ያመለክታል።

ኢስትሮጅን በጉበት ላይ የሚሠራው ሥራ ረቂቅና ውብ ነው፤ እኔም ከዚህ መስክ ይበልጥ የምወደው ክፍል ይህ ነው። ስብ የሚሠሩትን ኤንዛይሞች ከማብዛቱ ሌላ፣ ጉበቱ ከዚህ በፊት ሠርቶ የማያውቃቸውን ፕሮቲኖች ያሠራዋል። አንዱ የዋና ዋና የአስኳል ፕሮቲኖች እናት የሆነው ቪቴሎጄኒን ነው። ሌላው በስብ ጥቅሎቹ ላይ የሚለጠፍ ትንሽ ፕሮቲን ነው፤ እሱ ሲገባ ጥቅሎቹ መጠናቸው ይቀየራል። ባልጣለች ቄብ ደም ውስጥ አማካኝ ስፋታቸው 70 ናኖሜትር አካባቢ የነበረው ወደ 30 ናኖሜትር ይወርዳል። ይህ መጥበብ በእድገት ላይ ያለውን እንቁላል የከበበውን ስስ ሽፋን እንዲያልፉ ያስችላቸዋል። በተጨማሪም ጡንቻና ጮማ በመንገድ ላይ ስብ ለመቀማት የሚጠቀሙበት ኤንዛይም ጥቅሉን እንዳይፈታው ያው ፕሮቲን ይከላከላል። ጥቅሉ የእናትየው ገላ ራሱ እንደማይነካው መልእክት ነው፤ አድራሻው እንቁላሉ ብቻ ነው።

አድራሻው ላይ የሚቀበለው በር ምን እንደሆነ የታወቀው ደግሞ በሌላ የዘር ጉድለት ነው። እንቁላል በእንቁላል ዕጢዋ ውስጥ የማይበስልላት፣ ስለዚህም የማትጥል የዶሮ ዘር ነበረች። የቪየናው ቮልፍጋንግ ሽናይደርና ባልደረቦቹ በ1995 እንዳሳወቁት፣ ጉድለቱ ጥቅሎቹን ከደም ወደ እንቁላሉ በሚያስገባው ተቀባይ ዘረ መል ላይ የተፈጠረ የአንዲት አሚኖ አሲድ ለውጥ ነው። ኢስትሮጅኗ ይሠራል፣ ጉበቷ ያመርታል፣ እንቁላሉ ግን በሩን አይከፍትም። ስቡ በደሟ ውስጥ ተከማችቶ ይቀራል፣ የደም ሥሮቿም ይታመማሉ። ስለ ሰባ ጉበት ስናስብ ይህችን ዶሮ መርሳት የለብንም። ማምረትና መላክ ብቻ ሳይሆን መረከብም የሰንሰለቱ ክፍል መሆኑን ታሳያለች።

የሆርሞኑ ኃይል ምን ያህል እንደሆነ ለማየት አውራ ዶሮ ይበቃል። አውራ ዶሮ በሕይወቱ አስኳል አይሠራም። ኢስትሮጅን ሲወጋ ግን ጉበቱ በሰዓታት ውስጥ ቪቴሎጄኒን ማምረት ይጀምራል። መርፌው ሲያልቅ ምርቱ ይቆማል። ከሳምንታት በኋላ እንደገና ሲወጋ ያለመዘግየት፣ ከመጀመሪያው በፍጥነት ይመልሳል። ጉበቱ የመጀመሪያውን ትእዛዝ አልረሳም ማለት ነው። ይህ የአውራ ዶሮ ጉበት በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ሆርሞን ዘረ መልን እንዴት እንደሚያበራና እንደሚያጠፋ ከተማርንባቸው ዋና መንገዶች አንዱ ነበር።

እንግዲህ ሒሳቡን እንሥራ። 60 ግራም በሚመዝን እንቁላል ውስጥ አስኳሉ ከ17 እስከ 18 ግራም ይሆናል፤ ከዚህ ሲሶው ያህል፣ ወደ 6 ግራም፣ ስብ ነው። በዓመት 300 እንቁላል የምትጥል ዶሮ ጉበቷ ወደ 1.8 ኪሎ ግራም ስብ ወደ አስኳል ልኳል፤ የራሷን ክብደት የሚያህል። በገጠር ቤት ያለች የአበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ትጥላለች፤ እንቁላሏም 40 ግራም አካባቢ ነው። በዚህ ሒሳብ ስቡ ሩብ ኪሎ ቢደርስ ነው። ሆርሞኑ አንድ ነው፣ ጉበቱም አንድ ነው። በዘር ማሻሻል ሥራ የተለወጠው ትእዛዙ ሳይቋረጥ የሚቆይበት ጊዜ ነው።

ፖሊንና ወልፎርድ በ1970ዎቹ ኢስትሮጅን በመውጋትና መኖ በማብዛት ሕመሙን ራሳቸው አስነሱት። ከዚያ የወጣው ትምህርት ኢስትሮጅን ብቻውን ገዳይ አይደለም የሚል ነው። ከሚያስፈልጋት በላይ ኃይል ሲገባባትና ሆርሞኑ ሲገናኙ ነው ጉበቱ የሚሸነፈው። በጠባብ ኬጅ ውስጥ ያለች፣ የማትንቀሳቀስ፣ በቆሎ የበዛበት መኖ የሚቀርብላት፣ በሙቀት ወራት የምትጥል ዶሮ ሁለቱም ይሟሉባታል። ጥቅሉን ለማሰር የሚያስፈልገው ኮሊን፣ እሱንም ለመሥራት የሚረዳው ሜቲዮኒን ከጎደለ ደግሞ መላኩ ይዘገያል።

በሰው ዘንድ የሚታየው ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ተቃራኒ ይመስላል። ሴቶች የወር አበባቸው ከቆመ በኋላ፣ ኢስትሮጅናቸው ሲወርድ፣ ጉበታቸው የመስባት ዕድሉ ይጨምራል። ስለዚህ ሆርሞኑ በሰው ጠባቂ፣ በዶሮ አጥቂ ነው የሚል ጽሑፍ ይነበባል። እኔ አልስማማም። ሴት ልጅ ልጇን በማሕፀኗ ቀስ በቀስ ትመግባለች፤ ዶሮ ግን ለጫጩቷ ሃያ አንድ ቀን የሚበቃውን ስንቅ በአስር ቀን ገደማ አስኳል ውስጥ ጠቅልላ መጨረስ አለባት። ተግባሩ ሌላ ከሆነ ሆርሞኑን በጥቅሙና በጉዳቱ መመደብ ትርጉም የለውም።

ከኢስትሮጅን ቀጥሎ የሚመጣው የጭንቀት ሆርሞን ነው። የዶሮ የጭንቀት ሆርሞን ኮርቲኮስቴሮን ይባላል፤ ሙቀት፣ መጨናነቅ፣ ድንጋጤ ያበዙታል። ለቀናት በመርፌ ወይም በመኖ ሲሰጣት እድገቷ ይቆማል፣ ጡንቻዋ ይሟሟል፣ የሆዷ ጮማና የጉበቷ ስብ ግን ይጨምራል። ከሥጋዋ የተነቀለው ወደ ስብ ተለውጦ ይቀመጣል። በከባድ ሙቀት ውስጥ የምትበላው እየቀነሰ ጉበቷ ሲሰባ ያየ አርቢ ግራ የሚጋባበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የሌፕቲን ታሪክ ግን በሰፊው መነገር አለበት። በ1994 በኒው ዮርክ የጄፍሪ ፍሪድማን ቤተ ሙከራ በአይጥ ውስጥ ከስብ ሕዋስ ወጥቶ ጥጋብን የሚናገር ሆርሞን አገኘ። የዶሮ ተመራማሪዎች የራሳቸውን መፈለግ ጀመሩ፤ በ1998 ተገኘ ተብሎ ታተመ። ቅደም ተከተሉ ከአይጡ ጋር ከመጠን በላይ ተመሳሰለ። ዶሮና አይጥ ከሦስት መቶ ሚሊዮን ዓመት በላይ የተለያዩ ሆነው ሳለ ይህ እንዴት ይሆናል ብለው የጠየቁ ነበሩ፤ ሌሎች ቤተ ሙከራዎች ሊደግሙት ሞክረው አልቻሉም። በ2004 የዶሮ ጄኖም ሲታተም ዘረ መሉ በውስጡ አልነበረም። እንዲያም ሆኖ ለብዙ ዓመታት የዶሮ ጉበት፣ የዶሮ ስብ፣ የዶሮ ሌፕቲን የሚሉ ጽሑፎች ወጡ። እውነተኛው የወፍ ሌፕቲን የታወቀው በ2014 በጭልፊትና በሌሎች ወፎች ነው፤ የዶሮው በ2016 ተከተለ፤ በዚህ ላይ በእስራኤል ቮልካኒ የግብርና ምርምር ማእከል ያሉት ሚርያም ፍሪድማን-ኢናትና ባልደረቦቿ ትልቅ ድርሻ አላቸው። ዘረ መሉ ለማንበብ አስቸጋሪ በሆነ የጄኖም ክፍል ውስጥ ተደብቆ ነበር። ሲገኝ ደግሞ ከአይጡ ጋር ያለው መመሳሰል ትንሽ ሆነ፣ በስብ ሕዋስም ውስጥ አይሠራም ማለት ይቻላል።

ጉዳቱ ስሙን ከመሳት ያልፋል። በዶሮ ውስጥ ስቡ ለአንጎሏና ለጉበቷ በሌፕቲን በኩል መጠኑን ይናገራል የሚለው ሐሳብ መሠረቱን አጣ። የአጥቢ ሌፕቲን የተወጉ ዶሮዎች መኖ መቀነሳቸው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ተቀባዩ አለና። ነገር ግን በተፈጥሮ ማንም የማይልከው መልእክት ሲደርስ የሚሆነውን ነው የሚያሳየው። የሰባች ዶሮ መብላቷን የማታቆምበትን ምክንያት በዚህ መነጽር እንደገና ማየት ያስፈልጋል።

ከሆርሞን ጋር ስለ ዶሮ ሲነሳ በእኛም አገር ገበያ የማይቀር ጥያቄ አለ፤ የፈረንጅ ዶሮ ሆርሞን ተወግታ ነው እንዲህ የምትፋፋ የሚለው። ሥጋቱን አልንቅም፣ መነሻም አለው። በ1940ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ሰው ሠራሽ ኢስትሮጅን በእንክብል መልክ በአውራ ዶሮዎች አንገት ሥር ይቀበር ነበር። የሚያሰባቸውም ከላይ ባየነው መንገድ፣ በጉበታቸው በኩል ነው። በ1959 ለዶሮ መጠቀሙ እንዲቆም ተደረገ። የዛሬዎቹ የሥጋ ዶሮዎች ፈጥነው የሚያድጉት ግን በዘር ማሻሻል ነው። በካናዳ የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ1957 እና ከ1978 ጀምሮ ሳይለወጡ የተጠበቁ ዘሮችን ከ2005 ዘር ጋር በአንድ መኖ አሳድገው በ2014 ውጤቱን አሳተሙ። በ56 ቀን የመጀመሪያው 905 ግራም፣ ሁለተኛው 1,808 ግራም፣ ሦስተኛው 4,202 ግራም መዘነ። የእድገት ሆርሞን በመኖ ቢሰጥ በሆድ ውስጥ እንደ ማንኛውም ፕሮቲን ይፈጫል፤ ሺዎችን በየቀኑ እየያዙ መውጋት ደግሞ አያዋጣም።

በሰባ ጉበት ነገር ዝይና ዳክዬ በሌላ በኩል ይቆማሉ። ረጅም ጉዞ የሚያደርጉ ዘመዶቻቸው ከመነሳታቸው በፊት ስብ ይይዛሉ፤ ይህን ችሎታ በግዴታ በመመገብ እስከ ጥግ ገፍተው አንድ ኪሎ የሚደርስ ጉበት የሚያወጡ ኢንዱስትሪዎች በፈረንሳይ እስከዛሬ አሉ። በእስራኤል የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2003 ሥራው የእንስሳት ሥቃይ ነው ብሎ ወስኖበታል። መመገቡ ከቆመ ይህ ጉበት ወደ መጠኑ ሊመለስ መቻሉ ከዶሮው ልዩ ያደርገዋል፤ በዶሮ ግን ጉበቱ ተሰንጥቆ ብዙ ደም ከፈሰሰ መመለሻ የለም።

ወደ አበሻ ዶሮ ስመለስ አብዛኛው ዳሰሳ የሚዘልለው አንድ ሆርሞን ይቀራል፤ ፕሮላክቲን። የቤት ዶሮ አሥር፣ አሥራ አምስት እንቁላል ጥላ ትታቀፋለች። ፕሮላክቲኗ ይወጣል፣ የእንቁላል ዕጢዋ ይሟሽሻል፣ ኢስትሮጅኗ ይወርዳል። በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ተነስታ ስለምትበላ ክብደቷም ይቀንሳል። ለሦስት ሳምንት አስኳል አትሠራም፤ ጫጩቶቿን ስታሳድግም እንዲሁ ሳምንታት ይጨመራሉ። የተሻሻሉት እንቁላል ጣዮች መታቀፍን በዘር መረጣ ትተዋል፤ ለእንቁላል አቅራቢው ይህ ትርፍ ነው። ከጉበት አንፃር ግን በተፈጥሮ የተሰጣት ረጅም ዕረፍት ተነስቷል። በእኔ እይታ ስለ ሰባ ጉበት የሚጻፈው ሁሉ ከኢንሱሊንና ከመኖ ጎን ይህን ፋታ ሊመዝን ይገባል።

በቢሾፍቱና በአዳማ አካባቢ ላሉ አርቢዎች ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ሥራ ተጨባጭ ነው። ቄቦቹ መጣል ከመጀመራቸው በፊት ክብደታቸውን በየሳምንቱ መመዘን ያስፈልጋል፤ ኢስትሮጅኑ ሲነሳ ጮማ ይዛ የገባች ዶሮ ሕመሙን ቀድማ ታገኛለችና። ከበቆሎ የሚመጣውን ኃይል ሙቀቱ እየበረታ ሲሄድ መመጠን፣ በኮሊንና በሜቲዮኒን በኩል የኑግና የአኩሪ አተር ፋጉሎ የሚሰጡትን በሚገባ ማስላት፣ የቤቱን አየር ማናፈስ። በድንገት የሞተችውን ሳይከፍቱ መቅበር ደግሞ ትልቅ ጥፋት ነው፤ ጉበቱ የመንጋውን ሁሉ ሁኔታ ይናገራል። አሁን የዘር ድርጅቶች ያለ ዕረፍት እስከ 100 ሳምንት ዕድሜ 500 እንቁላል የምትጥል ዶሮ እያዘጋጁ ነው። ያ ማለት ለአንድ ጉበት ሦስት ኪሎ ገደማ ስብ በአንድ የኢስትሮጅን ዘመን ውስጥ፤ ይህን ለመሸከም የሚያስችለው መኖና ቤት ከዘሩ ጋር አብሮ ካልመጣ ዋጋውን የምትከፍለው ዶሮዋ ናት።